ረጅም ምስልን በኤ4 ወረቀት ማተም፦ መጠኑንና የገጽ አከፋፈሉን ማስተካከል

ወርዱ ጠባብ፣ ቁመቱ ግን እጅግ ረጅም የሆነ ምስል ከኮምፒውተር ሲታተም ብዙውን ጊዜ ከሁለት ችግሮች አንዱ ይገጥማል። ወይ ምስሉ በሙሉ በአንድ ገጽ መሃል እንደ ክር ቀጥኖ ይወጣና አንድም ፊደል የማይነበብ ይሆናል፤ ወይ ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ታትሞ የቀረው ክፍል ይጠፋል፣ ባይጠፋም የአንድ መስመር የላይኛው ግማሽ በአንዱ ገጽ ግርጌ፣ የታችኛው ግማሽ በሚቀጥለው ገጽ ራስጌ ላይ ተቆርጦ ይገኛል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢዎች ዙሪያ ወዳሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ከሚመጡት ፋይሎች መካከል እንዲህ ያሉት ጥቂት አይደሉም፤ ከስልክ የተወሰደ ረጅም ስክሪንሹት፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የዘር ሐረግ፣ የጣና ሐይቅ ካርታ፣ የጥቅል ክታብ ፎቶግራፍ ሁሉም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የማተሚያው አይደለም። ምስል የሚያሳዩ ፕሮግራሞች በአመዛኙ የተሠሩት አንድን ፎቶግራፍ በአንድ ወረቀት ላይ ለማስቀመጥ ስለሆነ፣ «ምስሉ በምን መጠን ይታተም» የሚለውንና «በስንት ገጽ ይከፈል» የሚለውን ጥያቄ አንድ ላይ ይመልሷቸዋል፤ መልሳቸውም ወይ «በአንድ ገጽ እስኪገባ ይነስ»፣ ወይ «ገጹን እስኪሞላ ይስፋ፣ የተረፈው ይቆረጥ» የሚል ነው። መፍትሔው ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት ነው። በመጀመሪያ የታተመው ምስል ወርድ በሚሊሜትር ይወሰናል፤ ከዚያ የገጹ ብዛት በስሌት ይገኛል፤ በመጨረሻ የመቁረጫው ቦታ በዓይን ይመረጣል። ይህ ቅደም ተከተል ካልተጠበቀ የትኛውም ፕሮግራም ቢሆን ወረቀት ማስባከኑ አይቀርም።

መጀመሪያ ስሌቱ

ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊሜትር ነው። በአራቱም ጎን 10 ሚሊሜትር ህዳግ ቢተው የሚታተምበት ቦታ 190 በ277 ሚሊሜትር ይሆናል። በዊንዶውስ የምስሉን የፒክስል መጠን፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸውን ነጥቦች ብዛት፣ ለማወቅ ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነክተው «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎም «ዲቴይልስ» የሚለውን ይክፈቱ። ለምሳሌ ያህል ወርዱ 1,080፣ ቁመቱ 14,400 ፒክስል የሆነ የስልክ ስክሪንሹት እንውሰድ፤ የአንድ የትምህርት ቻናል ማስታወሻ ከላይ እስከ ታች ሲቀዳ እዚህ ቁመት መድረሱ የተለመደ ነው።

ይህ ምስል በአንድ ገጽ ይግባ ከተባለ ቁመቱ ወደ 277 ሚሊሜትር ስለሚወርድ ወርዱ 21 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። በስልኩ ላይ 7 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ይዞ በቀላሉ ይነበብ የነበረው መስመር በወረቀቱ ላይ 2 ሴንቲሜትር ውስጥ ይታጨቃል ማለት ነው። በተቃራኒው ወርዱ 190 ሚሊሜትር ይሁን ከተባለ አንድ ገጽ የሚይዘው 1,574 ፒክስል ቁመት ነው፤ 14,400 ለዚህ ሲካፈል ከ9 ጥቂት ስለሚበልጥ 10 ገጽ ያስፈልጋል፣ አሥረኛው ገጽ ግን የሚይዘው 4 ሴንቲሜትር ያህል ትርፍ ብቻ ነው። አሁን ወርዱን ወደ 180 ሚሊሜትር እንቀንሰው። አንድ ሚሊሜትር 6 ፒክስል ይይዛል፤ አንድ ገጽ 1,662 ፒክስል ይሆናል፤ ገጾቹ በ5 ሚሊሜትር፣ ማለትም በ30 ፒክስል፣ እንዲደራረቡ ቢደረግ እንኳ ሁሉም በ9 ገጽ ያልቃል። ከወርዱ ላይ አንድ ሴንቲሜትር መቀነስ አንድ ወረቀት ከማትረፉም በላይ ለመደራረቢያ የሚሆን ቦታ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ለስክሪንሹት የወረቀቱን ሙሉ ወርድ መጠቀም በራሱ ትክክል ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። በስልክ ላይ 7 ሴንቲሜትር የነበረው ምስል 18 ሴንቲሜትር ሲሆን ፊደሉ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ያድጋል፤ ለግድግዳ ካልሆነ በቀር ለማጥናት ይህን ያህል ትልቅ ፊደል ማንም አይፈልግም። ወርዱን 90 ሚሊሜትር አድርጎ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዐምድ ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ በመካከላቸውም 10 ሚሊሜትር መተው፣ ፊደሉን አሁንም በስልኩ ላይ ከነበረው ትንሽ ከፍ ያለ ያደርገዋል። አንዱ ዐምድ 3,324 ፒክስል ስለሚይዝ ምስሉ በ5 ዐምድ ያልቃል፤ 5 ዐምድ ደግሞ 3 ገጽ ነው። አሥር ገጽ ይፈጅ የነበረው ሥራ በሦስት ገጽ ተጠናቀቀ ማለት ነው፤ በገጽ ለሚከፍል ተማሪ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

በዚህ ስሌት ውስጥ ሰዎችን የሚያደናግረው በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው የዲፒአይ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር የምስሉን ጥራት አይጨምርም፣ አይቀንስምም፤ የሚናገረው በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ25.4 ሚሊሜትር፣ ውስጥ ስንት ፒክስል ይቀመጥ የሚለውን ብቻ ነው። የእኛ ምስል 96 ዲፒአይ የሚል ምልክት ካለበትና ፕሮግራሙ «በትክክለኛ መጠኑ» ለማተም ከሞከረ ወርዱ 286 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ከ81 ሴንቲሜትር ይሆናል። ይህ ወርድ ከወረቀቱ ስለሚበልጥ ምስሉ ወደ ጎንም ለሁለት ይከፈላል፤ 14 ገጽ ወደ ታች፣ 2 ገጽ ወደ ጎን፣ በድምሩ 28 ገጽ ይወጣል። አንድ ሰው «ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ያትማል፣ አልቆም አለ» ብሎ ሲያማርር ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ጂምፕ በተባለው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም «ኢሜጅ» ከሚለው ዝርዝር «ፕሪንት ሳይዝ» የሚለውን ከፍተው ወርዱን 180 ሚሊሜትር ቢሉት ቁጥሩ ወደ 152.4 ይለወጣል፤ አንድም ፒክስል አይነካም። «ስኬል ኢሜጅ» ግን ፒክስሎቹን ራሳቸውን ስለሚለውጥ ለዚህ ሥራ መነካት የለበትም።

ወረቀቱና ድራይቨሩ

ምስሉን ከመንካትዎ በፊት ማተሚያው የሚያስበው ወረቀት በትሪው ውስጥ ካለው ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ብዙ ድራይቨሮች፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከማተሚያው ጋር የሚያገናኙ ፕሮግራሞች፣ እንዲሁም ሌሎች ፕሮግራሞች ሲጫኑ መነሻቸው በአሜሪካ የሚሠራበት ሌተር የተባለው ወረቀት ይሆናል፤ እሱም 215.9 በ279.4 ሚሊሜትር ነው። ከኤ4 በ6 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል፣ በ17.6 ሚሊሜትር ያጥራል። ለአንድ ገጽ ደብዳቤ ይህ ልዩነት አይታወቅም ይሆናል፤ ለዘጠኝ ተከታታይ ገጽ ግን እያንዳንዱ ገጽ ግርጌው ላይ አንድ ሁለት መስመር ስለሚያጣ ወይም በትንሹ ስለሚኮማተር ጠቅላላው ሥራ ይበላሻል። ወረቀቱ በሦስት ቦታ ይስተካከላል፦ በፕሮግራሙ የገጽ ማስተካከያ፣ በማተሚያው «ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስስ»፣ አንዳንዴም በራሱ በማተሚያው ሰሌዳ ላይ። ሦስቱም ኤ4 ማለት አለባቸው።

ቀጥሎ የሚታየው ድርብ ማሳነስ ነው። ፕሮግራሙ ምስሉን ለወረቀቱ አስተካክሎ ከላከ በኋላ ድራይቨሩ ደግሞ በራሱ «ፊት ቱ ፔጅ» ምርጫ እንደገና ሊያሳንሰው ይችላል። አብዛኞቹ ሌዘር ማተሚያዎች ከወረቀቱ ጠርዝ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ያህል ስለማይደርሱ ድራይቨሩ ያንን ለማካካስ ሲል ሁሉንም ነገር በጥቂት በመቶ ይቀንሳል። ይህን ለመያዝ ከማስመሪያ የተሻለ መሣሪያ የለም፤ በሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ጥግ ላይ ልክ 100 ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን መስመር ያስምሩና ያንን ገጽ ብቻ አትመው ይለኩት። 100 ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። ከ95 እስከ 97 ከሆነ ድራይቨሩ ወይም የፒዲኤፍ ማንበቢያው ለህዳግ ሲል አሳንሶታል፤ ከ91 እስከ 94 ከሆነ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ወረቀቱን ሌተር ነው ብሎ እያሰበ ነው ማለት ነው። ሙሉውን ሥራ ከማዘዝ በፊት ይህን አንድ ገጽ ማተም የዋጋም የጊዜም ቁጠባ ነው።

ፋይሉ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሄድበት መንገድም ልብ ሊባል ይገባል። ምስልን በቴሌግራም እንደ ፎቶ መላክ መጠኑ እንዲቀነስና እንዲጨመቅ ያደርገዋል። የእኛ ስክሪንሹት ረጅሙ ጎኑ ወደ 1,280 ፒክስል ቢወርድ ወርዱ 96 ፒክስል ብቻ ይቀረዋል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ማስተካከያ ፊደሉን አይመልሰውም። ስለዚህ «እንደ ፋይል» ይላኩት፣ ወይም በፍላሽ ይውሰዱት፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ በገጽ የተከፋፈለ ፒዲኤፍ አዘጋጅቶ መሄድ ነው።

በየፕሮግራሙ ምን ይደረግ

ከዊንዶውስ ጋር የሚመጡት የፎቶ ማሳያዎች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። በአሮጌው የፎቶ ማሳያ የማተሚያ መስኮት ግርጌ ላይ «ፊት ፒክቸር ቱ ፍሬም» የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት ከተደረገበት ምስሉ ገጹን እስኪሞላ ሰፍቶ የተረፈው ይቆረጣል፣ ምልክቱ ከተነሣ ደግሞ በአንድ ገጽ እስኪገባ ያንሳል። በአዲሱም «ፊል ፔጅ» እና «ሽሪንክ ቱ ፊት» የሚሉት ምርጫዎች ያው ናቸው። ሁለቱም ምስልን በብዙ ገጽ አይከፍሉም።

ፔይንት ግን ይከፍላል፤ ብዙ ሰው ቀላል ነው ብሎ የሚንቀው ይህ ፕሮግራም ለአስቸኳይ ሥራ በጣም ጠቃሚ ነው። ምስሉን በፔይንት ከፍተው «ፋይል»፣ «ፕሪንት»፣ «ፔጅ ሴትአፕ» በሚለው መንገድ ይግቡ። ወረቀቱን ኤ4፣ አቀማመጡን የቁም፣ ህዳጎቹን 10 ሚሊሜትር ያድርጉ፤ «ስኬሊንግ» በሚለው ክፍል «ፊት ቱ» የሚለውን መርጠው በመጀመሪያው ሳጥን 1፣ በሁለተኛው 9 ይጻፉ። ይህ «ወደ ጎን አንድ ገጽ፣ ወደ ታች ዘጠኝ ገጽ» ማለት ነው፤ ምስሉም 187 ሚሊሜትር ያህል ወርድ ይይዛል። ሁለተኛውን ሳጥን 1 ብሎ መተው ያንኑ ቀጭን ክር ያስገኛል፤ በተለመደው አሠራር የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የፔይንት ጉድለት መደራረቢያ አለመስጠቱና መቁረጫውን አለማሳየቱ ነው፤ ገጹ ባለቀበት ቦታ፣ መስመር ይሁን ሥዕል ሳይለይ ይቆርጣል።

በዎርድ ውስጥ ረጅም ምስል ማስገባት አይመከርም። ዎርድ አንድን ሥዕል በሁለት ገጽ አይከፍልም፤ ሲያስገቡት በገጹ እስኪገባ ያሳንሰዋል፣ በግድ ቢያሳድጉት ደግሞ ከገጹ በታች ያለው ክፍል አይታተምም። የመስመሩ ርቀት «ኤግዛክትሊ» በሚል ከተወሰነ ከምስሉ ውስጥ የአንድ መስመር ያህል ቁራጭ ብቻ ይታያል፤ ይህን አይተው ፋይሉ ተበላሽቷል ብለው እንዳይደናገጡ። ዎርድን የግድ መጠቀም ካለብዎ አስቀድመው የተቆራረጡ ምስሎችን በየገጹ ያስገቡ። ኤክሴል ለረጅም ሰንጠረዥ እንጂ ለምስል አልተሠራም፤ ለሰንጠረዥ ከሆነ «ፔጅ ሌይአውት» ውስጥ ወርዱን «1 ፔጅ»፣ ቁመቱን «አውቶማቲክ» ማድረግ ይበቃል።

ንጹሕ ሥራ የሚፈልግ ሰው ምስሉን ራሱ መቁረጥ አለበት። በጂምፕ ምስሉን ከፍተው ከላይኛው ማስመሪያ ላይ በማውስ እየጎተቱ አግድም መሪ መስመሮችን ያውርዱ፤ እያንዳንዱን መስመር በሁለት መልእክቶች ወይም በሁለት አንቀጾች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ያሳርፉት። አንዱ ቁራጭ ከአንድ ዐምድ አቅም እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ግዴታ ነው፤ በሁለት ዐምዱ አሠራር ወሰኑ 3,324 ፒክስል ነው። አምስቱ ዐምዶች በድምሩ 16,620 ፒክስል ስለሚይዙ ከ2,200 ፒክስል በላይ ትርፍ አለ፤ ስለዚህ መቁረጫውን ወደ ላይ እየሳቡ ተስማሚ ባዶ ቦታ ለመፈለግ በቂ ነጻነት ይኖርዎታል። መስመሮቹ ሲያልቁ «ኢሜጅ» ውስጥ «ስላይስ ዩዚንግ ጋይድስ» የሚለው ምስሉን በየመስመሩ ይከፍለዋል፤ ቁራጮቹን በተራ ቁጥር ሰይመው ያስቀምጡ፣ አይነታቸውም ፒኤንጂ ይሁን። ስክሪንሹቱ ጥቁር መደብ ካለው በዚሁ አጋጣሚ «ከለርስ» ውስጥ «ኢንቨርት» በሚለው ወደ ነጭ መደብ ይገልብጡት፤ ቶነሩም ይተርፋል፣ ወረቀቱም በእጅ ላይ አይለቅም።

ቁራጮቹን በቀጥታ ከፎቶ ማሳያ አንድ በአንድ ማተም አዲስ ችግር ይወልዳል። የመጨረሻው ቁራጭ አጭር ስለሚሆን፣ ለምሳሌ 1,080 በ300 ፒክስል፣ ቅርጹ የአግድም ነው፤ ፕሮግራሙም በራሱ አዙሮ የወረቀቱን ረጅም ጎን እስኪሞላ ያሳድገዋል፤ ፊደሉም ከሌሎቹ ገጾች ይለያል። ቁራጮቹ ሁሉ አንድ ልኬት የሚኖራቸው በአንድ ሰነድ ላይ በተመሳሳይ ወርድ ሲቀመጡ ነው። ለዚህ ሊብሬኦፊስ ድሮው የተባለው የሥዕል ፕሮግራም ነጻና በቂ ነው። ገጹን ኤ4፣ ህዳጉን 10 ሚሊሜትር ካደረጉ በኋላ ቁራጩን ያስገቡ፤ ኤፍ4 የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ የቦታና የመጠን መስኮት ይከፈታል፤ ወርዱንና ቁመቱን የሚያያይዘውን ሳጥን ምልክት አድርገው ወርዱን 90 ሚሊሜትር ይበሉ። የመጀመሪያው ዐምድ ከግራ በ10፣ ሁለተኛው በ110 ሚሊሜትር ይጀምራል፤ ሁለቱም ከላይ በ10 ሚሊሜትር ይጀምራሉ። በመዳፊት እየጎተቱ ማስተካከል አያስፈልግም፣ ቁጥሩን መጻፍ ብቻ ነው።

ወደ ፒዲኤፍ ሲቀይሩ የሚከፈተው መስኮት ላይ የምስል ጥራት የሚመለከተውን ክፍል ሳያዩ አይለፉ። መነሻው ምስሉን በጄፔግ ጨምቆ ከ300 ዲፒአይ በላይ የሆነውን መቀነስ ነው። የእኛ ምስል በ90 ሚሊሜትር ወርድ 305 ዲፒአይ ገደማ ስለሚሆን ለጥቂት ወሰኑን ያልፍና ያለ ምንም ጥቅም እንደገና ይሰላል፤ የግዕዝ ፊደላት ቀጫጭን ቅጥያዎችም ይደበዝዛሉ፤ «ሰ» እና «ሱ»ን የሚለየው ያ ትንሽ ጭረት ነው። «ሎስለስ» የሚለውን፣ ማለትም ጥራት ሳይቀንስ የሚጨምቀውን፣ መርጠው የመቀነሻውን ምልክት ያንሱ። በፎቶ ኮፒ ቤቱ ፒዲኤፉ ሲታተም ባለሙያው «አክቹዋል ሳይዝ» የሚለውን እንዲመርጥልዎ ይጠይቁ።

ካርታና ሌሎች ልኬታቸው የማይነካ ምስሎች

እስካሁን ያየነው ምስል ወርዱ እንደ ፍላጎታችን የሚለወጥ ነው። ካርታ ግን ልኬቱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። የጣና ሐይቅ ከደቡብ ወደ ሰሜን ርዝመቱ 84 ኪሎሜትር፣ ስፋቱ 66 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ በ1፡200,000 ልኬት ሐይቁ ብቻ 42 በ33 ሴንቲሜትር ይሆናል። በአንድ ኤ4 ላይ «ፊት» ብሎ ማተም ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ያለውን ሁሉ ያሳያል፣ ነገር ግን በካርታው ግርጌ 1፡200,000 የሚለው ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ውሸት ነው፤ 33 ሴንቲሜትር የነበረው ወርድ ወደ 19 ሴንቲሜትር ሲወርድ እውነተኛው ልኬት 1፡347,000 ገደማ ይሆናል፤ በማስመሪያ ከዘጌ እስከ ደቅ የሚለካ ሰው ይሳሳታል። ስለዚህ ካርታ የሚያዘጋጅ ሰው በቁጥር ከተጻፈው ልኬት ጎን ኪሎሜትር የተከፋፈለ የመስመር ልኬት ቢያስገባ ይመረጣል፤ እሱ ከምስሉ ጋር አብሮ ስለሚያንስና ስለሚያድግ አይዋሽም።

ልኬቱን ጠብቆ ለመከፋፈል የአክሮባት ሪደር «ፖስተር» የተባለው ምርጫ ምቹ ነው። ካርታው በትክክለኛ መጠኑ አንድ ትልቅ ገጽ ያለው ፒዲኤፍ ሆኖ መዘጋጀት አለበት። ከዚያ በማተሚያው መስኮት «ፖስተር»ን መርጠው «ታይል ስኬል» 100 በመቶ፣ «ኦቨርላፕ» 10 ሚሊሜትር ያድርጉ፤ «ከት ማርክስ» እና «ሌብልስ» የሚሉትንም ምልክት ያድርጉ። የመጀመሪያው መቁረጫ ምልክት ያወጣል፣ ሁለተኛው በየገጹ ላይ የረድፉንና የዐምዱን ቁጥር ይጽፋል፤ ወረቀቶቹ መሬት ወድቀው ከተቀላቀሉ ዋጋው ያን ጊዜ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። ምስሉ የቁም ስለሆነ ወረቀቱም የቁም መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም። ከላይ ያለው 33 በ42 ሴንቲሜትር ሐይቅ በኤ4 በቁም ቢታተም ሁለት ወደ ጎን፣ ሁለት ወደ ታች፣ በድምሩ አራት ወረቀት ይወስዳል። በኤ3 በአግድም ቢታተም ግን የሚታተምበት ቦታ 400 በ277 ሚሊሜትር ስለሆነ ወርዱ በአንድ ወረቀት ይጠቃለላል፣ ቁመቱም በሁለት ያልቃል፤ መገጣጠሚያው አንድ አግድም መስመር ብቻ ይሆናል። አራት ወረቀት በመስቀለኛ መገጣጠሚያ ማጣበቅ ከባድ ነው፤ ሁለት ወረቀት በአንድ መስመር ማጣበቅ ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ጠልሰም ያለበት ጥቅል ክታብም እንደ ካርታው ነው፤ በእውነተኛ መጠኑ ሊታይ ይገባዋል። ፎቶግራፍ ሲነሣ ማስመሪያ ከጎኑ ቢቀመጥ ወርዱን ከምስሉ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ያ ቁጥር በሊብሬኦፊስ ድሮው የመጠን መስኮት ውስጥ ይጻፋል እንጂ በግምት አይሞላም። ወርዱ ከ9 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ከሆነ ያው የሁለት ዐምድ አሠራር ያገለግላል።

ሲገጣጠም ከአንደኛው ወረቀት የታችኛውን ህዳግ ብቻ ይቁረጡ፣ የሁለተኛውን የላይኛ ህዳግ ይተዉት፤ የተቆረጠው ጠርዝ በመደራረቢያው ላይ ያርፋል፣ ማጣበቂያውም በሁለተኛው ወረቀት ላይ ይቀባል። ሁሉንም ህዳግ ቆርጦ ጫፍ ለጫፍ ማገናኘት በጥቂቱ የተንጋደደ ወረቀት እንኳ ነጭ ስንጥቅ እንዲያሳይ ያደርገዋል። ሌዘር ማተሚያ ወረቀቱን ስለሚያሞቀው እርጥበቱ ሲወጣ ወረቀቱ በትንሹ ይኮማተራል፤ በክረምት በሐይቁ ዳር ተከፍቶ የዋለ የወረቀት ጥቅል እርጥበት ስለሚይዝ ይህ የበለጠ ይታያል። ለሚገጣጠም ሥራ ከታሸገ ጥቅል የወጣ ወረቀት ይጠቀሙ፣ ሁሉንም ገጽ ደግሞ በአንድ ጊዜና በአንድ ማተሚያ ያትሙ።

ፕሮግራም ለሚጽፉ

የራሳቸውን የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚሠሩ ተማሪዎች ያንኑ ችግር ከውስጥ ይገናኙታል። ሥዕሉን በአንድ ትእዛዝ ወደ ገጹ ይልኩታል፤ የሚወጣውም የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ይሆናል፤ ምክንያቱም ገጽ መከፋፈል የማተሚያው ሳይሆን የፕሮግራሙ ኃላፊነት ነው። ስሌቱ ከላይ ካለው አይለይም፦ የሚታተምበትን ወርድ ለምስሉ ወርድ ማካፈል ልኬቱን ይሰጣል፤ የሚታተምበትን ቁመት ለዚያ ልኬት ማካፈል በአንድ ገጽ የሚገባውን የፒክስል ብዛት ይሰጣል፤ የምስሉን ቁመት ለዚህ ማካፈልና ውጤቱን ወደ ላይ ማጠጋጋት የገጹን ብዛት ይሰጣል። ማካፈሉ በሙሉ ቁጥሮች ከሆነ ትርፉ ተጥሎ የመጨረሻው ገጽ ይጠፋል።

አሃዶቹን ማምታታት ሌላው ምክንያት ነው። ጃቫ ገጹን የሚለካው በኢንች 72ኛ ክፍል ነው፤ ኤ4 595 በ842 ያህል ይሆናል። በሲ ሻርፕ የሚሠራበት የዶት ኔት «ፕሪንት ዶኪዩመንት» ህዳጉን የሚነግረው በኢንች መቶኛ ክፍል ነው፤ የስክሪኑ ፒክስል ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ሦስቱን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚጻፍ ፕሮግራም በስክሪን ላይ ያማረውን ምስል በወረቀት ላይ ወይ ያሳንሰዋል፣ ወይ ከወረቀቱ ያስወጣዋል። መነሻውም የወረቀቱ ጥግ ሳይሆን የሚታተምበት ቦታ ጥግ መሆን አለበት።

በጃቫ የማተሚያው ዘዴ ለአንድ ገጽ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊጠራ ይችላል። በውስጡ «አሁን ስንተኛ ገጽ ላይ ነኝ» የሚል ቆጣሪ የሚጨምር ሰው ገጾች ሲዘለሉ ያያል፤ ትክክለኛው የሚላከውን የገጽ ቁጥር ብቻ ይዞ ምስሉን ያንን ያህል ገጽ ወደ ላይ ማንሸራተት፣ ገጹ ሲያልቅ ደግሞ «ኖ ሰች ፔጅ» የሚለውን መመለስ ነው። በሲ ሻርፕ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ቆጣሪውን ፕሮግራመሩ ራሱ ይይዛል፣ ገጽ እስካለ ድረስም «ሃዝ ሞር ፔጅስ» የሚለውን እውነት ያደርጋል። ይህን መርሳት አንድ ገጽ ብቻ ያሳትማል፤ መጨረሻ ላይ ሐሰት ሳያደርጉ መተው ደግሞ ማብቂያ የሌለው ህትመት ያስከትላል። ቆጣሪው ወደ ዜሮ መመለስ ያለበት «ቢጊን ፕሪንት» በሚለው ክስተት ላይ ነው። አለበለዚያ ቅድመ እይታው ሁሉንም ገጽ በትክክል ያሳይና ተጠቃሚው ከዚያው መስኮት የማተሚያውን ምልክት ሲጫን ቆጣሪው ካለፈው መጨረሻ ስለሚነሣ ባዶ ገጽ ይወጣል።

በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሙሉውን ምስል እያንሸራተቱ ከመሳል ይልቅ የዚያን ገጽ ድርሻ ብቻ ቆርጦ መሳል ለማተሚያው የሚላከውን ፋይል በብዙ ያቀልላል፤ በትንሽ ማኅደረ ትውስታ ለሚሠሩ አሮጌ ማተሚያዎች ይህ ወሳኝ ነው። ሙከራውን በሦስት ምስሎች ያድርጉ፦ ከአንድ ገጽ በሚያንስ፣ ቁመቱ ልክ የገጹ ሁለት እጥፍ በሆነ፣ ከሁለት ገጽም በአንድ ፒክስል በሚበልጥ። ሁለተኛው ባዶ ሦስተኛ ገጽ ካወጣ ወይም ሦስተኛው የመጨረሻዋን ፒክስል ከጣለ ማጠጋጊያው እንደገና ይታይ። ወረቀት ሳይባክን ለመሞከር ማተሚያውን «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ማድረግ ይቻላል።